ማደሪያ የሚሻ ጥበብ፤ የኖራ ሥራና የዓባይ ድልድዮች

በጎጃም ምድር፥ በሰከላ አገር፥ ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ስሙ ግን በዓለም ሁሉ የተሰማ ነው። በሥፍራው የቅዱስ ሚካኤልና የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ሕዝቡ ከቅርብም ከሩቅም ለጸበል ይመጣል። በ1610 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ተወላጅ የሆነ ኢየሱሳዊ ካህን የዐፄ ሱስንዮስን ሠራዊት ተከትሎ መጥቶ ከዚህ ምንጭ አጠገብ ቆመ፤ ያየውንም ጻፈ። በ1763 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ጀምስ ብሩስ የሚባል የእስኮትላንድ ሰው መጥቶ ምንጩን አየ፤ ኋላም በመጽሐፉ ፓኤዝ ከዚያ አልደረሰም፥ ቀዳሚው እኔ ነኝ ሲል ተከራከረ። የውጭ አገር ሊቃውንትም በዚህ ነገር ብዙ ቀለም አፈሰሱ።

ይህ ሁሉ ክርክር ግን ስለ ማየት ብቻ ነው። የሰከላ ሕዝብ ምንጩን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲያውቀው፥ ሲያከብረውና ሲጠጣው ኖሯልና ፓኤዝም ሆነ ብሩስ ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር አላሳየውም። ፓኤዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አሳየ ቢባል የሚባለው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በመዶሻውና በመሮው፥ ከእርሱም ጋር ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡ የሕንድና የግብፅ ባለሙያዎች ባሳዩት በኖራ ሥራ ነው። ዓባይን ያየው ሰው ሁሉ አይቶ ሄደ፤ ዓባይን በድልድይ የተሻገረው ሰው ግን እስከ ዛሬ ይሻገራል። ስለዚህ ያ ጥበብ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ፥ በምን መልክ እንደ ተለወጠ፥ ኋላም ለምን እንደ ደከመ መመርመር የሚገባ ነገር ነው።

አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ያስፈልጋል። ዓባይ ከግሽ ከወጣ በኋላ ግልገል ዓባይ እየተባለ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ በጢስ ዓባይ ገደሉን ከዘለለ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ይዞራታል። በበጋ ወራት መንገደኛ በመልካው ይሻገራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ ጎጃምን ከቤጌምድር፥ ከሸዋና ከወለጋ ይለያታል። ከቡሬና ከባሶ ገበያ ጨውና ቡና፥ ሰምና ወርቅ የሚያመላልሱ ነጋድያን ወንዙ እስኪጎድል ድረስ መቀመጥ ነበረባቸው። የቸኮለ ሰው በታንኳ ወይም ነፋስ በተሞላ ስልቻ ነፍሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ይሻገር ነበር፤ ውኃ የወሰደውም፥ አዞ የበላውም ብዙ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ድልድይ ማለት ጌጥ አይደለም፤ የዘመድና የገበያ፥ የመልእክትና የሕይወት ነገር ነው።

ታዲያ ከፓኤዝ በፊት ለምን ድልድይ አልተሠራም? የኢትዮጵያ ሰው ድንጋይ መጥረብ አያውቅም ነበርና ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። የአክሱምን ሐውልት ያቆመ፥ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የፈለፈለ ሕዝብ በድንጋይ ሥራ ማንም አያስተምረውም። በዚያው በጎጃም፥ በእነብሴ አገር፥ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በድንጋዩ ቅርጽ የታወቀ ነበር። የጎደለው ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር የሚያጣብቀው ነገር ነበር። ግንቡ የሚያያዘው በጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ጣራ ባለው ቤት ውስጥ ይጠነክራል እንጂ ክረምትና ጎርፍ ካገኘው ይታጠባል። በጭቃ የተያያዘ ቅስት በዓባይ ላይ ቢቆም አንድ ክረምት አያልፍም።

ኖራ ይህን ድካም የሚፈታ ነገር ነው። አሠራሩም ሲታይ ቀላል፥ ሲሠሩት ግን ልምድ የሚጠይቅ ነው። የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ 900 ዲግሪ ያህል በሚደርስ እሳት ብዙ ሰዓት ሲቃጠል በውስጡ ያለው አየር ይወጣና ድንጋዩ ቀልሎ ነጭ ይሆናል። በዚህ ላይ ውኃ ሲፈስበት ይፈላል፥ ይተነፍሳል፥ ዱቄትና ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሲገባ ከነፋሱ ያንኑ ያጣውን አየር ቀስ በቀስ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በኖራ የተሠራ ግንብ እያረጀ ሲሄድ ይጠነክራል። ነገር ግን እሳቱ ካነሰ ድንጋዩ ጥሬ ይቀራል፤ ውኃው ከበዛ ሊጡ ይከሽፋል፤ አሸዋው አፈር ካለበት አይይዝም። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ቢናገረው ጆሮ ይሰማዋል እንጂ እጅ አይማረውም፤ እጅ የሚማረው ከእጅ ነው።

ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1595 ዓመተ ምሕረት ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ በጣና ዳር፥ በጎርጎራ፥ መሬት ተሰጠው። በዚያም ለንጉሡ ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ መሣሪያውን ራሱ እያሠራ፥ መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ፥ ድንጋይ በመሮ እንዴት እንደሚስተካከል፥ ግንብ እንዴት እንደሚቃና ለአገሩ ሠራተኞች እያሳየ፥ እርሱም ከእነርሱ ጋር እየሠራ አስተማረ። ሁለት ደርብ ያለው ቤት በተፈጸመ ጊዜ ሕዝቡ ተደንቆ በቤት ላይ ቤት ብሎ እንደ ጠራው በጊዜው ሰዎች ተጽፏል። ይህ ነገር ሊስተዋል ይገባል፤ ሰውዬው ካህን እንጂ ግንበኛ ሆኖ አላደገም። ነገር ግን የሚፈልገውን ለማግኘት ከቃል ይልቅ እጁን አስቀደመ፤ ሠራተኞቹም የቋንቋ ልዩነት ሳያግዳቸው ከእጁ ተቀበሉ።

የኖራው ነገር ግን ከፓኤዝ እጅ አልመጣም። በ1613 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከሕንድ አገር የመጣ አንድ ባለሙያ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በአገሩ ውስጥ አግኝቶ አቃጥሎ ኖራ አወጣ። ድንጋዩ ቀድሞም በምድሪቱ ላይ ነበር፤ የሚያውቀው ዓይን ግን ባሕር ተሻግሮ መጣ። በዚያ ዘመን ጎዋ በምትባለው የሕንድ ከተማ የፖርቱጋል ግንበኞችና የሕንድ ግንበኞች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበርና ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ኖራ ከአንድ አገር ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ባሠሩ ጊዜም ከሠሪዎቹ አንዱ አብደል ከሪም የሚባል ሕንዳዊ ነበር፤ ከግብፅ የመጣ ክርስቲያንም ከእርሱ ጋር ሠርቷል። ፓኤዝ በ1614 ዓመተ ምሕረት ሞተ፤ በ1618 ዓመተ ምሕረት ገደማ ግን በሱስንዮስ ትእዛዝ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፥ አላታ በሚባለው ሥፍራ፥ ወንዙ በጠባብ አለት መካከል በሚያልፍበት ላይ የመጀመሪያው የዓባይ ድልድይ በድንጋይና በኖራ ቆመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ይሁን እንጂ የሕንድ ባለሙያ እጅና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ክንድ ያለበት ሥራ ነው። መንገደኛና አህያ ዛሬም ይሻገሩበታል።

የጥበብ ነገር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባሠራ ጊዜ የናሱን ሥራ የሠራለት ኪራም አባቱ የጢሮስ ሰው፥ እናቱም ከንፍታሌም ነገድ ነበረች። ንጉሡ ባለሙያውን ከባዕድ አገር ማስመጣቱ ነውር አልሆነበትም፤ ቤተ መቅደሱም የጢሮስ ቤተ መቅደስ አልተባለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር በታሪክ የታወቀ ነው። ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በማዘዛቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ በ1624 ዓመተ ምሕረት የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም በ1625 እና በ1626 ዓመተ ምሕረት ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በቁጣ ላይ ያለ ሕዝብ የጠላውን ሰው ሥራ ሁሉ ከሰውዬው ጋር ማጥፋት ልማዱ ነው፤ ፋሲለደስ ግን መምህራኑን ሲያባርሩ ኖራውን አላባረሩም። በ1628 ዓመተ ምሕረት ጎንደርን ከተማቸው አደረጉ፤ ግንባቸውንም በድንጋይና በኖራ አሠሩ። በ1640 ዓመተ ምሕረት ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አል ሃይሚ የጎንደርን ግንብ አይቶ አደነቀ፤ የሠራውም ሕንዳዊ ነው ብሎ ጻፈ። በ1652 ዓመተ ምሕረት ገደማ ደግሞ በፋሲለደስ ትእዛዝ በዓባይ ላይ ሁለተኛው ድልድይ ጎጃምንና ቤጌምድርን አገናኘ። እንግዲህ ያ ንጉሥ የሃይማኖትን ነገርና የእጅ ሥራን ነገር ለይቶ ያወቀ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱን ሲመልስ ሌላውን አስቀረ።

ጥበቡም በተቀመጠበት አገር መልኩን ለወጠ። የጎንደር ግንቦች በማዕዘናቸው ክብ ማማ፥ በማማውም ላይ እንደ እንቁላል የሾለ ጉልላት አላቸው፤ የዚህ ዓይነት ሥራ እንዲሁ እንዳለ በሊዝቦንም በጎዋም አይገኝም። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል ሆነ። ክብ የሆነው የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሳይለወጥ የመቅደሱ ግድግዳ በኖራ ተሠራ። ከውጭ የመጣው አያያዝ ለአገሩ ልማድና ለአገሩ በዓል ታዘዘ። ተማሪ የተባለውን ብቻ ሲደግም ገና ተማሪ ነው፤ የራሱን ነገር በተማረው ሲሠራ ግን ባለሙያ ሆኗል፤ ጎንደርም በዚህ መለኪያ ባለሙያ ሆና ነበር።

ይህን ሥራ እየተቀበለ ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፈው ማን ነው ቢባል፥ ነገሥታቱ አዘዙ፥ መኳንንቱ ቆጠሩ፥ ድንጋዩን ያነሣው ግን ሌላ ነው። ከጎንደር ግንበኞች፥ አናጢዎችና አንጥረኞች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ግንቡ በሚሠራበት ዘመን በከተማይቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ሥራቸውም መሬት ያገኙ፥ በቤተ መንግሥትም ሹመት የተሰጣቸው ነበሩ። ከፋሲለደስ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን ድረስ፥ መቶ ዓመት በሚያህል ጊዜ፥ ትእዛዝ ሳይቋረጥ ስለ መጣ አባት ሠራ፥ ልጅ አቀበለ፥ የልጅ ልጅም ጌታ ግንበኛ ሆነ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ጥበቡን የሚበላ ብል በአንደበት ውስጥ ነበር። በአማርኛ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፥ ብልህ ማለት ነው፤ ሰሎሞንም የሚመሰገነው በዚህ ቃል ነው። ይኸው ቃል በሕዝብ አፍ ጠይብ ሲባል ግን ብረት ቀጥቃጭ፥ ሸክላ ሠሪ ማለት ሆነ፤ በዚህም አልቀረም፥ ሰው በዓይኑ የሚበላ፥ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ ማለት ሆነ። አንድ ሕዝብ ጥበብን በመጽሐፍ ሲያገኛት ዘውድ ከደፋላት፥ በጎረቤቱ እጅ ሲያገኛት ግን ከሸሻት፥ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሚዛን አኑሯል ማለት ነው። የቤተ እስራኤል ግንበኛ ለንጉሥ ቤት ሲሠራ ይከበር ነበር፤ የንጉሥ ቤት ሥራ ባጣ ቀን ግን ጠይብ ከመባል የሚያድነው አልነበረም።

ያ ቀን መጣ። ከምንትዋብ ዘመን በኋላ የነገሥታቱ ኃይል በመሳፍንት እጅ ገባ፤ ከ1761 እስከ 1847 ዓመተ ምሕረት ድረስ ዘመነ መሳፍንት ሆነ። በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታት ግንብ የሚያሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ መሳፍንቱም ገንዘባቸውን ለጦር አዋሉት። ትእዛዝ የሌለው ግንበኛ ልጁን ግንበኝነት አያስተምርም፤ የሚበላበትን ያስተምረዋል። ስለዚህ የቤተ እስራኤል ወንዶች ወደ ማረሻና ማጭድ ሥራ፥ ሴቶቻቸውም ወደ ሸክላ ሥራ እየበዙ ሄዱ። የታላቁ ግንብ ሙያ የሞተው በጦርነት ተሸንፎ ወይም በአዋጅ ተከልክሎ አይደለም፤ አባት የያዘውን የሚቀበለው ልጅ ስላጣ ነው። ኋላም በ1977 እና በ1983 ዓመተ ምሕረት ከቤተ እስራኤል የሚበዙት ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የሚሸጡት ትናንሽ የሸክላ ሥራዎች የዚያ ሁሉ ሙያ ቅሬታ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገሩን ወደ አንድ ለመሰብሰብ በተነሡ ጊዜ የጥበብ ጉድለት ዋና ሐሳባቸው ሆነ። ከስዊስ አገር፥ ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና ማኅበር የመጡትን ሚስዮናውያን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡ አስገደዷቸው። ሰዎቹ የመድፍ ሥራ አናውቅም ቢሉም ከአገሩ ሠራተኞች ጋር እየሞከሩ፥ እየከሸፈባቸው፥ በ1859 ዓመተ ምሕረት ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ አወጡ። መድፉ እስከ መቅደላ ተጎትቶ ሄደ፤ ዛሬም በዚያው አለ። በ1860 ዓመተ ምሕረት ግን ንጉሡ ሞቱ፥ ባለሙያዎቹም ተበተኑ፤ ጋፋትም ሌላ መድፍ አላቀለጠም። ቴዎድሮስ የፈለጉትን ዕቃ አገኙ፤ ዕቃውን የሚወልደውን ትምህርት ቤት ለማጽናት ግን ዕድሜ አላገኙም።

ነገሩ ወደ ጎጃም ሲመለስ ይበልጥ ያሳዝናል። ራስ አዳል በ1873 ዓመተ ምሕረት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። በደምበጫ አገር በሚወርደው በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ ለማሠራት በወደዱ ጊዜ ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የሚባል የኢጣልያ መሐንዲስ ሠራላቸው፤ ሥራውም በ1877 ዓመተ ምሕረት ገደማ ተፈጸመ። ተምጫ እንደ ዓባይ ያለ ታላቅ ወንዝ አይደለም። ከተምጫ እስከ አላታ ድረስ የጥቂት ቀን መንገድ ነው፤ በአላታም ዓባይን የሚያህል ወንዝ የተሻገረ ድልድይ ከ250 ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። በዚያ ድልድይ ላይ የጎጃም ሰው በየቀኑ ይመላለስ ነበር፤ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያውቅ፥ ሁለተኛውን እሠራለሁ የሚል ግን በጠፋበት ጊዜ ንጉሡ ጥበቡን እንደገና ከባሕር ማዶ አስመጡ። የአያቱን ርስት የሸጠ ሰው መልሶ በገንዘቡ እንደሚገዛው ያህል ነው። ያገሩ ሰው፥ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው፥ የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚያው በፓኤዝ ዘመን ገደማ በሌላ የዓለም ዳርቻ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበርና ማነጻጸሩ ይጠቅማል። በ1536 ዓመተ ምሕረት ገደማ ማዕበል የመታት መርከብ ፖርቱጋሎችን ታኔጋሺማ ወደምትባል የጃፓን ደሴት አደረሰቻቸው። የደሴቲቱ ገዥ ከእነርሱ ሁለት ጠመንጃ ገዝቶ ሰይፍ ሠሪውን ይህን ምሰልልኝ አለው። ሰይፍ ሠሪው አፈሙዙን መሰለ፤ የኋላውን መዝጊያ ጥምዝ ብሎን ማውጣት ግን አቃተው፤ ኋላ ከአንድ የውጭ አገር ሠሪ ተማረው፤ ስለ ትምህርቱም ሴት ልጁን ዳረለት ይባላል። ከጥቂት ዓሥር ዓመታት በኋላ ጃፓን ጠመንጃ በብዛት የሚሠራባት አገር ሆነች። በ1631 ዓመተ ምሕረት ጃፓን ፖርቱጋሎችን አባረረች፤ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ አምስት ዓመት እንኳ ያህል ነው። ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ዘመን አንድ ሐሳብ አሰቡ፤ ሁለቱም መምህሩን ሰድደው ትምህርቱን አስቀሩ። በጃፓን ግን ሰይፍ ሠሪ ስሙን በሰይፉ ላይ የሚቀርጽ፥ መኳንንት የሚያከብሩት ሰው ነበር፤ ልጁም የአባቱን ስምና ሙያ መውረስ ክብር ነበረው። የጎንደር ግንበኛ ግን ስሙን በግንቡ ላይ አልጻፈም፤ ልጁም ከአባቱ ሙያ ጋር ስድብ ይወርስ ነበር። ልዩነቱ በእጅ ብልሃት አልነበረም፤ በማደሪያ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ነገር ያስተዋሉ ይመስላል። በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው እያነሡ መስደብን ከለከሉ። አዋጁ የተናገረው ቁም ነገር ታላቅ ነው፤ ሠራተኛ የተሰደበበት አገር ሠራተኛ እንደማይወልድ ነው። ይሁን እንጂ የንጉሥ አዋጅ አደባባይን ያዝዛል እንጂ የሠርግ ምክርንና የማድቤት ሐሜትን በአንድ ቀን አያዝዝም። በብዙ አገር የቀጥቃጭን ልጅ ማግባት የማይታሰብ ነገር ሆኖ ቆየ።

ለዚህ ሁሉ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር በፋሲለደስ ድልድይ ላይ ታየ። ጣልያን አገሩን በወረረ ጊዜ ከቅስቶቹ አንዱ ተቆረጠ፤ ድልድዩም ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከ1928 ዓመተ ምሕረት በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ያ ክፍተት ሳይደፈን ቀረ። ሕዝቡ በወዲያና በወዲህ ቆሞ ገመድ ይዘረጋል፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በዓባይ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወንዶቹም ይጎትቱታል። እርጉዝ ሴትና በሽተኛ፥ እህልና በግ በዚህ መንገድ ተሻገሩ። በኋላም በ1994 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከባሕር ማዶ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ክፍተቱን በብረት ጠገኑት፤ ጎርፍም መልሶ ወሰደው፤ ከዚህ በኋላ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አያቶች በኖራ የሠሩትን ቅስት የልጅ ልጆች በገመድ ተሻገሩት። ድንጋዩ በወንዙ ዳር ሞልቶ ነበር፤ የገመዱ ጎታቾችም ጉልበት ነበራቸው፤ በመካከሉ የጎደለው የአንድ ግንበኛ እውቀት ነበር።

ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል፥ ይላል ያገር ሰው። ጥበብም ማደሪያ ካላገኘች እንዲሁ ናት፤ ከአገር ወደ አገር ያገኘችውን ይዛ ትዞራለች፥ አንዱ በር ሲዘጋባት ወደ ሌላው ታልፋለች። ማደሪያዋም ሦስት ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ ይታያል። አንደኛው የማይቋረጥ ሥራ ነው፤ ጎንደር መቶ ዓመት የሠራችው ትእዛዝ ሳይቋረጥ ስለ መጣ ነው። ሁለተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚደረግ ትምህርት ነው፤ ፓኤዝ በጎርጎራ መዶሻውን ራሱ ይዞ እንዳሳየ። ሦስተኛው የሠራተኛው ክብር ነው፤ ይህ ከጎደለ ሁለቱ ቢኖሩም ልጅ ከአባቱ እጅ አይቀበልም። የመምህሩ ዘር ወይም ሃይማኖት ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ ከእስፓንያ ካህን፥ ከሕንድ እስላም፥ ከግብፅ ክርስቲያንና ከቤተ እስራኤል ግንበኛ እጅ የወጣው ኖራ በአንድ ግንብ ውስጥ ተያይዞ ቆሟልና።

ዛሬ ኖራው ሲሚንቶ ሆኗል፥ ቅስቱም ብረት የገባበት ኮንክሪት ሆኗል። በባሕር ዳር በቻይና ኩባንያ የተሠራው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓመተ ምሕረት ተከፈተ። በጉባ የተገነባው የሕዳሴ ግድብ በ2003 ተጀምሮ በ2017 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ተመረቀ፤ የግንቡን ሥራ የያዘው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ዓመታት ሠርተውበታል። ከግሽ ምንጭ እስከ ጉባ ድረስ በዚህ ወንዝ ላይ የባዕድ ጥበብና የአገር ክንድ ሲገናኙ አራት መቶ ዓመት ሆነ። የመገናኘቱ ፍሬ የሚለካው በምረቃው ቀን አይደለም። ድልድዩ ወይም ግድቡ በሚሰነጠቅበት ቀን፥ በዚያ የሠራው ሰው ልጅ መሣሪያውን ይዞ ሳይጠራ የመጣ እንደ ሆነ ነው። በሰባራው ድልድይ አጠገብ በዚያን ጊዜ የተገኘው ገመድ ነበር።